ቤተሰብ በስምምነት

ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን 2096 ዓ.ም.፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወይዘሮ ኤልዳና ጌትነት ላሟን እያለበች ሳለ ግራ እጇ ላይ የታሰረው አምባር እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ ነዘረና ጠየቃት።

«ወይዘሮ ኤልዳና፣ እንደምን አደሩ። አሁን የሚያደርጉት ሥራ ነው ወይስ ኑሮ?»

ኤልዳና ማለቧን ቀጠለች። ሁለቱም እጆቿ ተይዘዋል፤ ላሚቱም ብትሆን አጠገቧ ወሬ ሲበዛ አትወድም።

«መልስዎን አልሰማሁም። ወተቱ ለገበያ ከሆነ ሥራ፣ ለቤት ከሆነ ኑሮ ይበሉ።»

«እስኪ መጀመሪያ ይውጣ!»

«መልስዎን አልሰማሁም።»

«ኑሮ!» ብላ ጮኸች። ላሚቱ ደንብራ እግሯን ወረወረች፤ ወተቱ ከነዕቃው ተደፋ።

«ኑሮ። ተመዝግቧል። እናመሰግናለን» አለ አምባሩ።

ኤልዳና ጭቃው ላይ የሚሰርገውን ወተት ቆማ አየች። በረቱ በር ላይ ቆሞ የነበረው ባሏ ናሆም ሊስቅ አሰበና የሚስቱን ፊት ሲያይ ተወው።

አምባሩን ለገበሬዎቹ ሁሉ ያሰረላቸው መንግሥት ነው። ለብዙ ዘመን በአገሪቱ የኢኮኖሚ ሪፖርት ውስጥ የቤተሰብ እርሻ የሚገኘው መጨረሻው ገጽ ላይ፣ «ልዩ ልዩ» በሚል ርዕስ ሥር ነበር። ከዚያ የአሥር ዓመቱ ዕቅድ ሲረቀቅ አንድ ባለሥልጣን እነዚህ ሰዎች ለአገር ምን ያስገኛሉ ብሎ ጠየቀ። የሚያውቅ ጠፋ። እንግዲያው ይቆጠር ተባለ። ለመቁጠር ደግሞ ሥራቸው ከኑሯቸው መለየት ነበረበት፤ ይህንን የሚለይ ባለሙያ ስላልተገኘ ራሳቸው እንዲለዩት ተወሰነ።

ደንቡ አጭር ነው። በዓመት በአንድ ሄክታር ላይ ከአራት መቶ ሰዓት በላይ የሠራ ቤተሰብ «ብክነት» ይባላል። ከመቶ ሃምሳ በታች የሠራ «መዝናኛ» ይባላል። የብክነቱም የመዝናኛውም መሬት ወደ ማሳ ኮርፖሬሽኑ ይዞራል። በሁለቱ መሃል ተጠንቅቆ የቆየ ብቻ ይዞታው ለከርሞ ይታደስለታል። የኤልዳና መንደር የዋልካ ሜዳ ሰዎች በሦስት ዓመት ውስጥ ሒሳቡን ተክነውበታል። ጥር ላይ ሰዓት ሲያጥራቸው ፀሐይ መሞቁን ሥራ ይሉታል። ሐምሌ ላይ ሲበዛባቸው ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብተው ማረሻ እየገፉ ኑሮ ይላሉ። አምባሩ ሁሉንም ያምናል፤ ሁሉንም ያመሰግናል።

አሥራ አንድ ቤተሰብ ነው የቀሩት፤ ሁሉም በአንድ ላይ ሠላሳ አንድ ሄክታር አላቸው። ከእነሱ ወዲያ ዓይን እስከሚያይ ድረስ የኮርፖሬሽኑ ጤፍ ነው። ሰው የለበትም። ማሽኖቹ በራሳቸው መጥተው በራሳቸው ይሄዳሉ። ጤፉ ቁመቱ አንድ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ አንድ ላይ ይተኛል፣ አንድ ላይ ይነሳል። በልጅነቷ ኤልዳና እዚያ ሜዳ ላይ የነበሩትን ቤቶች በስም ታውቃቸው ነበር። አሁን የማን ቤት የት እንደነበር የምታውቀው በኮረብታው አቅጣጫ ለክታ ነው።

በዚያው ቀን ናሆም አሸንዳ ሊያጸዳ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ቆርቆሮው ረጥቦ ነበርና አዳልጦት ወደቀ። ጭኑ ተሰበረ። ኤልዳና ጩኸቱን ሰምታ ስትሮጥ የናሆም የራሱ አምባር ቀድሟት ደርሷል።

«አቶ ናሆም፣ መሬት ላይ መተኛትዎን አይቻለሁ። ሥራ ነው ወይስ ኑሮ?»

ናሆም የመለሰው መልስ እዚህ አይጻፍም። አምባሩም አልመዘገበውም። የጤና መኪናው መጥቶ ሲወስደው፣ ከሆስፒታል ለስድስት ሳምንት እንደማይወጣ ለኤልዳና ነገሯት።

እንግዲህ ጤፉ ቀረ። ሁለት ሄክታር ተኩል፣ በዝናብ የሰከረ፣ ሙጃና እንግጫ የሚባል አረም ወገቡን የያዘው። በሁለት ሰው እንኳ የሚያታግል ነው። ልጆቻቸው ሁለቱም ከተማ ናቸው፤ ቢመጡ ደግሞ የከተማ ነዋሪ ማሳ ውስጥ ሲያጎነብስ ሌላ ቅጽ አለው። የኮርፖሬሽኑን የአረም ማሽን መጥራት ይቻላል፤ ግን ማሽኑ በጤፍነት የሚያውቀው በቁጥር የተመዘገበውን የራሱን ዘር ብቻ ነው። የኤልዳና ቀይ ጤፍ በማሽኑ ዓይን አረም ነው። አምና አንዱ ጎረቤት ቸግሮት ቢጠራው፣ ሙጃውንም ጤፉንም ሙልጭ አድርጎ አነሳለትና «ማሳዎ ጸድቷል» ብሎት ሄደ።

ኤልዳና ለብቻዋ አሥር ቀን አረመች። በአሥረኛው ቀን ቀና ብላ ስታየው፣ መጀመሪያ ያረመችው ጥግ እንደገና አረንጓዴ ሆኗል። ቁጭ አለች። አምባሩ ሥራ ነው ወይስ ኑሮ አላት።

በማግስቱ፣ ነሐሴ ሃያ ሁለት ቀን፣ ወደ ማሳው ስትወርድ ሰው ቀድሟታል። አሥራ አራት ሰው፣ ከአሥሩም ቤት፣ ጎን ለጎን ተደርድሮ አጎንብሷል። አንድ መስመር ጨርሰው ሁለተኛውን ይዘዋል። ከሁሉ የገረማት ግን ጫፍ ላይ፣ ከሌሎቹ ትንሽ ተነጥሎ፣ አቶ ሚልኪያስን ማየቷ ነው።

ሚልኪያስ የወሰን ጎረቤቷ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። ከማሳው ውሃ ለማውረድ የቆፈረው ቦይ አንድ ቀን ግድቡን ሰብሮ የኤልዳናን ሽምብራ ከነአፈሩ ጠርጎ ወሰደው። እሷ በሩ ድረስ ሄዳ ጮኸችበት። እሱ ደግሞ አፉ የተሰፋ ይመስል ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ እሱ ሰማይ ያያል፣ እሷ መሬት ታያለች።

«እትዬ፣ ከየት እንጀምር ብለን እንዳንጠይቅዎት ተኝተው ነበር» አለቻት ሄራን። ሄራን የሚልኪያስ አንድያ ልጅ ናት፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ቤቱን ይዛ የምትኖረው እሷ ናት። የአባቷን ኩርፊያ ከቁም ነገር ቆጥራው አታውቅም።

እኩለ ቀን ላይ ኤልዳና ንፍሮ ቀቅላ በትልቅ ሰፌድ አመጣች፤ ጠላም አስከተለች። ከአንዱ ሰፌድ በሉ። ሚልኪያስ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እጁን ብቻ ወደ ኋላ እየላከ ዘገነ። ድሮን በላያቸው እያንዣበበች አለፈች፤ ተመልሳም አየቻቸው። ማንም ከቁብ አልቆጠራትም። አምባሮቹ በየሰዓቱ ሲጠይቁ አሥራ አራቱም ኑሮ አሉ። ሥራ ቢሉ ሰዓቱ ጣጣ ያመጣል። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጤፉ ፊቱ ታየ።

በሦስተኛው ቀን የጥሪ መልእክት መጣ። ርዕሱ «የተሰወረ ቅጥር» ይላል።

የእርሻ ምድብ ቢሮው ያለው ሶስት በር ከተማ ነው። ጉዳይ የሚያየው ኢዮስያስ የሚባል ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው፤ ፊት ለፊቱ የቀዘቀዘ ሻይ አለ፤ ዓይኖቹ ሥራ ከጀመረ ጀምሮ ያልተኛ ሰው ያስመስሉታል። ኤልዳናን በአክብሮት አስቀመጣት።

«አሥራ አራት ሰው ዘጠኝ ሰዓት በእርስዎ ማሳ ላይ አጎንብሶ ውሏል» አለ። «ሁሉም ኑሮ ብለዋል። ሰው በሌላ ሰው ማሳ ውስጥ አጎንብሶ ዘጠኝ ሰዓት አይኖርም።»

«ደቦ ነዋ።»

«ደቦ የሚል የለም።»

«የት ነው የሌለው?»

«ቅጹ ላይ።»

«አገሩ ላይ አለ!»

ኢዮስያስ ተነፈሰ። «ወይዘሮ ኤልዳና፣ ለእኔ ይገባኛል። እናቴ ገበሬ ነበረች። የማይገባው ይሄ ነው» ብሎ ስክሪኑን በእርሳስ ነካው። «ሰው ማሳ ላይ ከታየ ወይ ቤተሰብ ነው ወይ ቅጥር ነው። ሦስተኛ ሳጥን የለውም።»

«ምንም አልከፈልኳቸውም።»

ግድግዳው ላይ ምስል አወጣላት። ከላይ የተነሳ ነው፤ አሥራ አምስት ራስ አንድ ሰፌድ ከቦ ይታያል።

«በዓይነት የተፈጸመ ክፍያ» አለ ኢዮስያስ፣ የራሱ ድምፅ እያሳፈረው።

«ንፍሮ ነው!»

«በዓይነት።»

ኤልዳና ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ ገፈፈችና እንደገና አጣፋችው። እጇ የሚሠራው ሲያጣ እንዲህ ታደርጋለች። «እሺ ሥራ ነው እንበል። ሥራ ብዬ ልመዝገበው፤ ከዚያስ?»

«መቶ ሃያ ስድስት ሰዓት ማሳዎ ላይ ይጨመራል። በሄክታር ሦስት መቶ ሰማንያ ላይ ነዎት፤ አራት መቶ ሠላሳ ይገባሉ። ብክነት።»

«ቀጥሬያቸዋለሁ ብልስ?»

«ከአሥር ሄክታር በታች ሠራተኛ የሚቀጥር እርሻ አይፈቀድም። መሬቱ ይዞራል።»

«ባይታረምስ ኖሮ?»

«ሰብል የሌለው ማሳ...» ኢዮስያስ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

«እና ምን ላድርግ? ንገረኛ! ባሌ እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል። ብሠራ በዛብሽ፣ ባልሠራ አነሰሽ፣ ሰው ቢያግዘኝ ወንጀል! ምን አድርጊ ነው የምትሉኝ?» ድምፅዋ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። አምባሩ ልትጠየቅ የሚገባት ጊዜ ደርሶ ነዘረ። ኤልዳና በቀኝ እጇ መታችው። ኢዮስያስ እንዳላየ ሆነ።

ከዚያ እሷ ቀስ ብላ፣ ደክሟት፣ «ለመሆኑ እናንተ ቤተሰብ የምትሉት ማንን ነው?» አለችው። የጠየቀችው ለማወቅ አልነበረም፤ ምሬት ነው ያናገራት። እሱ ግን ጥያቄ ሁሉ የሥራ ጥያቄ ስለሚመስለው አውጥቶ አነበበላት።

«አብረው የሚሠሩ፣ አብረው የሚበሉ፣ አንዱ ለሌላው ኃላፊነት የሚወስድ፣ በደም፣ በጋብቻ ወይም በስምምነት የተሳሰሩ ሰዎች።»

«በምን?»

«በስምምነት። የማደጎ ልጆች እንዳይቀሩ ተብሎ የገባ ነው።»

«ልጆች ይላል?»

ኢዮስያስ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ደግሞ አነበበው። «ሰዎች ይላል።»

ኤልዳና ግድግዳው ላይ ያለውን ምስል በጣቷ አሳየችው። «እዚያ ላይ ምን እያደረግን ነው?»

ኢዮስያስ ምስሉን አየ። ቀዝቃዛ ሻዩን አንሥቶ በአንድ ትንፋሽ ጠጣው። «አብራችሁ እየበላችሁ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ባለሥልጣን ሳይሆን እንደ ጎረቤት፣ የሚሆነውን ነገራት። አሥራ አንዱ ቤት አንድ ቤተሰብ ሆኖ ይመዝገብ። አዋቂ የሆነ ሁሉ በአካል ቀርቦ ይጠየቃል፤ ሠላሳ አንድ ሰው ነው። መዝገቡ ለዓመቱ የሚዘጋው ጳጉሜን ሁለት ስለሆነ፣ በዚያ ቀን ከስድስት ሰዓት በፊት መሆን አለበት። ሰዓቱም ተደምሮ ለሠላሳ አንዱ ሄክታር ሲካፈል ከብክነቱም ከመዝናኛውም ይተርፋል። ነገር ግን ከአሥሩ ቤት አንዱ እንኳ እምቢ ካለ፣ የዚያ ቤት ሰው ቅጥር ሆኖ ይቀራል፤ ክሱም ይቀጥላል።

«ማንም ሞክሮት አያውቅም» አለ። «ሊሳካም ላይሳካም ይችላል።»

ኤልዳና ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ አንድ ስም ብቻ ነበር የምታስበው። ሚልኪያስ።

ሰዎቹ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ተሰበሰቡ። ነገሩን ስትነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው ተቆጡ፤ ከዚያ መከራከር ጀመሩ። አንዱ እንግዲህ ከብቶቼም የጋራ ሊሆኑ ነው ወይ አለ። ሌላው ከአማቴ ጋር አንድ ቤተሰብ ላለመሆን አይደል እንዴ ቤት የሠራሁት ብሎ አጉረመረመ። ኤልዳና አንድ በአንድ መለሰች፤ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ መለሰች። ሁሉም መሬታቸውን ከማጣት ይሻላል ወደሚለው ሲመጡ፣ ወይዘሮ ትዕማር የምትባል ባልቴት ከወደ ኋላ እጇን አወጣች።

«ልጄ ቢኒያም የሚልኪያስን ሄራን ለጥር ሊያገባ ቀለበት አስሯል። አንድ ቤተሰብ ከሆንን እህትና ወንድም ሊባሉ ነው። እህቱን የሚያገባ ሰው የት አገር አለ?»

ሄራን ፊቷ ተለዋወጠ።

«ኧረ በሕግ አምላክ!» አለች ኤልዳና። ግንባሯን ያዘች። «ኧረ አንድ ነገር እንኳ ቀና ይሁን!»

«በፊት ብንጋባስ?» አለች ሄራን። ሁሉም ዞረው አዩዋት። «ጥር ላይ ሊሆን የነበረው ጳጉሜን ላይ ቢሆን ምን አለበት? መጀመሪያ እንጋባ፤ ከዚያ ተጋብተን እንግባ።»

ትዕማር ድግሱን፣ ሽማግሌዎቹን፣ የቀረውን ሁሉ እያነሳች ስታለቅስና ስትስቅ፣ ሚልኪያስ ከተቀመጠበት ግንድ ተነሳና አንድም ቃል ሳይናገር ሄደ።

ኤልዳና ተከተለችው። ማሳው ዳር፣ ቦዩ አጠገብ፣ አካፋ ይዞ ቆሞ አገኘችው።

«ሚልኪያስ።»

በአራት ዓመት ውስጥ ስሙን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። ዞር አላለም።

«አልመጣም» አለ። «ሌሎቹን ይዘሽ ሂጂ።»

«ሌሎቹ ያለ አንተ አይሆኑም። ወድጄ የመጣሁ መሰለህ? ሌላ መንገድ ቢኖር ኖሮ በዚህ በኩል ባላለፍኩ!»

«ታዲያ ተመለሺ።»

ኤልዳና ልትሄድ ዞረች፤ ሦስት እርምጃ ሄዳ ግን ንዴቷ መለሳት። «ለምን መጣህ? ጤፌን ልታርም ለምን መጣህ? ማን ጠራህ? አንተ ባትመጣ ኖሮ ዛሬ አልለምንህም ነበር!»

«ለአንቺ ብዬ አይደለም። በየቀኑ በዚያ ነው የማልፈው። አረም የዋጠው ጤፍ ዓይኔ እያየ ማለፍ አልችልም።»

«ሽምብራዬን ውሃ ሲወስደው ዓይንህ የት ነበር?»

ሚልኪያስ አካፋውን መሬት ላይ ተከለና ተደገፈው።

«እዚያው ነበር» አለ። «ግድቡ ሲሰበር ቆሜ ነበር። በእጄ፣ በደረቴ ልደፍነው ሞከርኩ። ኮቴን አውልቄ ከተትኩበት። አልቻልኩትም። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ልነግርሽ ልብስ ልቀይር ቤት ስገባ አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ትጮኺያለሽ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይሰማል። ያን ጊዜ ምላሴ ተያዘ። በማግስቱ ልነግርሽ አልኩ። ከዚያ ሳምንት ሆነ። ሳምንት ካለፈ በኋላ እንዴት ይጀመራል?»

ይህን ሰው አራት ዓመት ሙሉ ረግማዋለች። ልጇ ስትዳር አልጠራችውም። የገዛ ባሏ ከሱ ጋር ሰላም ሲባባል ባየች ቁጥር እራት ላይ አኩርፋለች።

«አራት ዓመት!» አለች። «አንተ ሰው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ለማውጣት አራት ዓመት! ምናለ በጽሑፍ ብትልክልኝ? ምናለ በልጅህ ብትነግረኝ?» እያለች ስትጮህ እንባዋ መጣ፤ ማልቀሷ ይበልጥ አናደዳት። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «ከነገ ወዲያ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው ይነሳል። ደህና ልብስ ልበስ፤ ልጅህን ትድራለህ።»

ሚልኪያስ ቦዩን አየ። «ኮቱ ጠቦኛል» አለ።

«የናሆምን እሰጥሃለሁ!»

ጳጉሜን ሁለት ቀን ሠላሳ አዋቂና አሥራ ስድስት ልጆች በሁለት የጭነት መኪና ሶስት በር ገቡ። ናሆም ከአልጋው ሆኖ በስክሪን እንዲጠየቅ ኢዮስያስ ፈቅዷል፤ ግን ነርሷ ሕመም ማስታገሻ ሰጥታው ስለነበር ለሁሉም ጥያቄ አዎ ነው የሚለው። ቢሮው ውስጥ ወንበር አልበቃም። በሦስት ሰዓት ከሃያ ሄራንና ቢኒያም ተጋቡ። ኢዮስያስ ጋብቻውን ሲያጸድቅ፣ የሙሽራይቱ አምባር ሥራ ነው ወይስ ኑሮ ብሎ ጠየቀ፤ ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ትዕማር እልል ስትል የጥበቃ ሠራተኛው ምን ሆናችሁ ብሎ ሮጦ መጣ። በአራት ሰዓት የቤተሰቡ ምዝገባ ተጀመረ። እያንዳንዱ ሰው እየቀረበ ስለሌሎቹ ኃላፊነት ይወስድ እንደሆነ ይጠየቃል። አዎ፣ አዎ፣ አዎ። የሚልኪያስ ተራ ደረሰ። የናሆም ኮት በጣም ሰፍቶት ነበር።

«ለወይዘሮ ኤልዳናና ለሌሎቹ የቤተሰብ አባላት ኃላፊነት ይወስዳሉ?»

«ቦዩን በሌላ በኩል አዞረዋለሁ» አለ ሚልኪያስ።

«አዎ ወይም አይ ነው የሚባለው።»

«አዞረዋለሁ እያልኩህ!»

ኢዮስያስ ወደ ኤልዳና አየ። ኤልዳና ትከሻዋን ሰበቀች። «አዎ ብዬ ልጻፈው?» አለ።

«ጻፈው» አለ ሚልኪያስ።

መጨረሻ ላይ አንድ ሳጥን ቀረ፤ የቤተሰቡ ኃላፊ ማን ነው የሚል። ሁሉም ወደ አንድ ሰው አዩ። ኤልዳና ለመቃወም አፏን ስትከፍት ሰዓቱ አምስት ከሃምሳ አምስት ይላል። ፈረመች።

መሬቱ ተረፈ። ጤፉም ደህና ፍሬ ያዘ። መስከረም ላይ የወጣው የአገሪቱ ሪፖርት፣ በሶስት በር ወረዳ የቤተሰብ እርሻዎች ቁጥር በአንድ ዓመት ውስጥ በዘጠና አንድ በመቶ መቀነሱን ገለጠ። አሥራ አንድ የነበሩት አንድ ሆነዋል። የአንድ ቤተሰብ የይዞታ መጠን ደግሞ በአሥራ አንድ እጥፍ አደገ። ይህ የግብርናው ሽግግር ብርቱ ማሳያ ተባለ፤ ለወረዳው የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ኢዮስያስ ለኤልዳና ደውሎ ነገራት። መሸለሙን ሲነግራት ድምፁ የተሸለመ ሰው ድምፅ አይደለም።

«ሌሎች ወረዳዎች እንዴት እንዳደረግነው እየጠየቁ ነው» አለ። «ምን ልበላቸው?»

«እውነቱን ንገራቸው።»

«እውነቱን ካወቁ ያቺን ቃል ያወጧታል። በስምምነት የምትለዋን። ለከርሞ ላትኖር ትችላለች።»

«ለከርሞ ለከርሞ ነው» አለች ኤልዳና። «አሁን ልዝጋው፤ ይሄ ነገር እያስጨነቀኝ ነው።»

ይሄ ነገር ያለችው አምባሩን ነው። የቤተሰብ ኃላፊ ከሆነች ወዲህ የአርባ ሰባት ሰው መልስ ማጽደቅ አለባት። አቶ ሚልኪያስ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፣ ሥራ ብለዋል፣ ያጸድቃሉ? ወይዘሮ ትዕማር ከምራታቸው ጋር እየተከራከሩ ነው፣ መልስ አልሰጡም፣ እርስዎ ይመልሱ። ምግብ ስትሠራ፣ ስትታጠብ፣ ስትጸልይ። አንድ ቀን ትዕግሥቷ ሲያልቅ አምባሩን ከነእጇ የውሃ ባልዲ ውስጥ ነከረችው። ባልዲው ውስጥ ሆኖ፣ በታፈነ ድምፅ፣ ልብስ እያጠቡ ከሆነ ኑሮ ይበሉ አላት።

መስከረም ሃያ ቀን ናሆም ከሆስፒታል ይወጣል ተባለ። የሆስፒታሉ መልእክት ግን ለኤልዳና ብቻ አልተላከም፤ ለመላው የቤተሰብ አባላት ነው የሄደው። በማለዳ ስትነሳ ሁለቱ የጭነት መኪናዎች ደጇ ላይ ቆመዋል፤ ሰው ሁሉ ልብሱን ለብሶ ተጭኗል። አይሆንም፣ እኔ ብቻዬን እበቃለሁ፣ ሥራ ፍቱ አላልኳችሁም ብትል የሚሰማት ጠፋ። ሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው ከሁለት ሰው በላይ አይገባም አለ። ኤልዳና ከጥበቃው ጋር ተጨቃጨቀች፤ ከነርሷ ጋር ተጨቃጨቀች፤ ከመኪናው የወረዱትን ልጆች ከአበባው መሃል አስወጣች፤ አራት ቦታ ፈረመች። ናሆም በክራንች ተደግፎ ሲወጣ ግቢው ውስጥ አርባ ምናምን ሰው አጨበጨበለት። ግራ ተጋብቶ ወደ ኋላው ዞሮ አየ፤ ለሌላ ሰው መስሎት።

መኪናው ላይ ፍራሽ ዘርግተው አስተኙት። ሚልኪያስ፣ የናሆምን የራሱን ኮት ለብሶ፣ እግሩ እንዳይናወጥ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዘለት።

«ኤልዳና» አለ ናሆም፣ መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር። «ምንድን ነው የሆነው?»

ኤልዳና ራሷን የመኪናው ጎን ላይ አስደግፋ፣ አፏን ከፈት አድርጋ፣ በሰው ጫጫታ መሃል እንቅልፍ ወስዷታል። ናሆም ሊቀሰቅሳት እጁን ዘረጋ።

«ተዋት፣ ትተኛ» አለ ሚልኪያስ። «እኔ እነግርሃለሁ።»

ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ውሃው ግድቡን ከሰበረበት ቀን ጀምሮ፣ የራሱን ጥፋት ሳይዘል፣ ዋልካ ሜዳ እስኪደርሱ ድረስ ሲናገር ሄደ።